በባሕር ዳር የልብስ ስፌት ዕቃዎችና የወንዶች ልብስ ማሟያዎች ሱቅ አከፋፈትና አያያዝ፦ የአሠራር መመሪያ

አንድ ልብስ ሰፊ ሱፉንና ገበሩን አሟልቶ ሳለ ሥራው የሚቆመው ብዙ ጊዜ በጨርቅ እጥረት አይደለም፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁልፎች ወይም ከሱፉ ቀለም ጋር የሚሄድ አንድ ጥቅል ክር በማጣት ነው። ሙሽራው ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል፣ ሰፊው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁራጭ ጨርቅ በእጁ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ያን ሰው በር ላይ ተቀብሎ የያዘውን ቁራጭ ዓይቶ፣ ልኩን ጠይቆ፣ የሚፈልገውን በአንድ ጊዜ አውጥቶ መስጠት የሚችል ነጋዴ ደንበኛ ፍለጋ አይደክምም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳር ከተማ ወይም በጣና ዳር ባሉ ትንንሽ ከተሞች እንዲህ ያለ ሱቅ ለመክፈት ለሚያስቡ፣ እንዲሁም ከፍተው ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ለቀረባቸው ሰዎች ነው። እኔ በዚህ ሥራ ከቆየሁበት ጊዜ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ ንግዱ ጸንቶ የሚቆመው በዕቃ ብዛት ሳይሆን ልኩን በማወቅ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ከታች ካሉት ክፍሎች በልክ ላይ የሚያተኩሩትን ረዘም አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሰፊዎቹን መጠየቅ

ቤት ከመከራየትዎና ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት የገበያ ሳምንት ደብተር ይዘው በከተማው ይዙሩ። በቅዳሜ ገበያና በዙሪያው በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩትን፣ በየቀበሌው በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚሰፉትን፣ የአገር ልብስ የሚጠልፉትንና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በብዛት የሚያዘጋጁትን ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ፍላጎታቸው አንድ ዓይነት አይደለምና። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የሚሠሩበት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው ወይስ በመብራት የሚሠራ የፋብሪካ መኪና? በብዛት የሚሰፉት ምን ዓይነት ጨርቅ ነው? ባለፈው ወር ፈልገው ያጡት ዕቃ ምንድን ነው? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ የመጀመሪያ የግዢ ዝርዝርዎ ይሆናል።

ጥያቄውን ሲጠይቁ አክብረው ይጠይቁ። አንድ አንጋፋ ሰፊ «ጋሼ፣ ይህ መርፌ ለምን ይሰበራል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው ማብራሪያ ከየትኛውም ካታሎግ ይበልጣል። እኔ የመርፌን ነገር የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከሐሙሲትና ከጢስ ዓባይ የሚመጡ ሰፊዎችም አሉ፤ ከዘጌ ደግሞ በጀልባ ይሻገራሉ። እነዚህ ደንበኞች በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚመጡ በደርዘንና በሙሉ ጥቅል ነው የሚገዙት፤ ለእነርሱ የሚሆነው ዕቃ ዓርብ ማታ ተቆጥሮ መዘጋጀት አለበት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ተማሪዎች ግን ተቃራኒ ናቸው፤ የሚገዙት ጥቂት ነው፣ የሚጠይቁት ዓይነት ግን ብዙና ያልተለመደ ነው። ሱቅዎ ወደ ተማሪዎቹ፣ ወደ ፖሊ ካምፓስ አቅጣጫ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ብዙ ዓይነት ይያዙ፤ ወደ ገበያው ከሆነ ጥቂት ዓይነት በብዛት ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ቤትና ፈቃድ

ትልቅ ቤት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሩ ላይ የቀን ብርሃን የሚገባበት፣ ወለሉ ከመንገዱ ከፍ ያለና በክረምት ውኃ የማይገባው፣ ጣሪያው የማያፈስ ክፍል ነው። የቀን ብርሃኑን እንደ ቅንጦት አይዩት፤ በአምፖል ሥር የተመረጠ ክር ውጭ ሲወጣ ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ሳይሟላ ሥራ አይጀምሩ፤ ፈቃዱን ሲያወጡም የስፌት ዕቃውንም ሆነ የወንዶች አልባሳት ማሟያውን የሚሸፍን የሥራ ዘርፍ መመረጡን ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጋር ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ክር

ከገንዘብዎ ትልቁን ድርሻ ለክር ይመድቡ። ክር በየቀኑ የሚያልቅ ዕቃ በመሆኑ ሰፊውን በየሳምንቱ ወደ ሱቅዎ የሚያመጣው እርሱ ነው፤ ቁልፉንና ዚፑን የሚገዛው ለክር ሲመጣ ነው።

በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይልመዱ። «40/2» ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር የነጠላውን ፈትል ቅጥነት፣ ሁለተኛው ስንት ፈትል አንድ ላይ እንደተገመደ ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ፈትሉ ይቀጥናል። ለሸሚዝ፣ ለቀሚስ፣ ለሱሪና ለዩኒፎርም በብዛት የሚሄደው 40/2 ፖሊስተር ነው። ለጂንስና ለወፍራም ካኪ 20/2 ወይም 20/3 ይፈለጋል፤ የዚህ ፍላጎት አነስተኛ ስለሆነ በጥቁር፣ በጥቁር ሰማያዊና በወርቃማ ቢጫ ብቻ መጀመር ይበቃል።

የትልቁ ጥቅል ርዝመት 5,000 ያርድ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ወደ 4,570 ሜትር ነው። የተጻፈውና በውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ 40/2 ፖሊስተር 5,000 ያርድ ከሆነ ክሩ ብቻውን ወደ 135 ግራም ይመዝናል። ባዶ የፕላስቲክ ማጠንጠኛ አስቀምጠው በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑ፣ ከዚያም ሙሉውን መዝነው ልዩነቱን ይውሰዱ። ልዩነቱ 100 ግራም ከሆነ ከሩብ የሚበልጠው ክር የለም ማለት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ሰፊው ይህን ባይመዝንም ያውቀዋል፤ በመኪና ስፌት አንድ ሜትር ለመስፋት ከላይና ከታች ተደምሮ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ክር ስለሚሄድ፣ አንድ ጥቅል ስንት ሱሪ እንደሚያወጣለት ከልምድ ይቆጥራል። ጥቅሉ ቀድሞ ካለቀበት ሁለተኛ አይመጣም።

ጥንካሬውን ለማየት አንድ ክንድ ያህል ክር ስበው ወደ ብርሃን ይያዙት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው፣ ፀጉሩ ያልበዛና ቋጠሮ የሌለበት መሆን አለበት። ቋጠሮ ያለበት ክር በመርፌው ዓይን ላይ ይበጠሳል፣ ሰፊውም መኪናው ተበላሸ ብሎ ግማሽ ቀን ያጠፋል። ጥጥ ነው ተብሎ የሚሸጥ ክር ካጋጠመዎ ጫፉን በእሳት ይንኩት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል።

አሁን የምናገረው ዋጋ ያስከፈለኝን ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ቀይ የጥልፍ ክር በርካሽ አግኝቼ ሳልፈትነው በብዛት ገዛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ጠላፊ ለጥምቀት የሠራችውን ነጭ ቀሚስ ይዛ መጣች፤ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ተሰራጭቶ ነበር። የጨርቁንም የድካሟንም ከፈልኩ፣ የተረፈውን ክር በሙሉ ጣልኩ፤ ያም ሆኖ የሴትዮዋን ስም በደንበኞቿ ዘንድ ማዳን አልቻልኩም፣ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ክር መደርደሪያ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ክሩን በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ነክሬ፣ በነጭ አቡጀዲ መሐል አድርጌ በካውያ እተኩሰዋለሁ። አቡጀዲው ላይ ቀለም ከቀረ ዕቃው ይመለሳል። ይህን ደረጃ በምንም ምክንያት አይዝለሉት።

ደንበኛ ቁራጭ ይዞ ሲመጣ ክሩን ከነጥቅሉ ከጨርቁ ጎን አያስቀምጡ፤ በጥቅል ላይ ያለ ክር ከነጠላው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ወደ በሩ ወጥተው አንድ ክር ብቻ ስበው በጨርቁ ላይ ያጋድሙት። ትክክለኛው ቀለም ከጠፋ ከሁለቱ ቅርብ ቀለሞች ጠቆር ያለውን ይስጡ፤ የፈዘዘው ስፌት ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ መርፌ

በመርፌ ላይ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ የእግሩ፣ ማለትም ወደ መኪናው የሚገባው ጫፍ፣ ቅርጽና የውፍረቱ ቁጥር። በእግር የሚረገጡት የቤት መኪናዎች፣ በአገራችን በብዛት ያሉት ሲንጀርና ቢራቢሮ ጭምር፣ የሚወስዱት መርፌ እግሩ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ በፓኮው ላይ «ኤች ኤ ኤክስ 1» ወይም «130/705 ኤች» ይባላል። የፋብሪካ ቀጥ ስፌት መኪና መርፌ ግን እግሩ ድብልብል ነው፤ የተለመደው «ዲ ቢ ኤክስ 1» ነው። ከዚህ ወፍራም እግር ያለው «ዲ ፒ ኤክስ 5»ም አለ፤ ሁለቱም ድብልብል ስለሆኑ በዓይን ያሳስታሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም ወይም አይጠብቅም። ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው መኪና፣ ደግሞ የራሱ የተለየ መርፌ አለው። ስለዚህ ደንበኛው «መርፌ ስጠኝ» ሲልዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ለየትኛው መኪና?» የሚል ይሁን፤ ካላወቀ የተሰበረውን መርፌ እግር ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁት።

የውፍረቱ ቁጥር በሁለት መልክ ይጻፋል፦ 70/10፣ 80/12፣ 90/14፣ 100/16፣ 110/18። የፊተኛው ቁጥር በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተገለጸ የመርፌው ውፍረት ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለሳቲንና ለስስ ገበር 70፣ ለሸሚዝ ፖፕሊንና ቴትሮን 80፣ ለሱፍ ሱሪና ለካኪ 90፣ ለጂንስ 100 እና 110 ይሄዳል። በባሕር ዳር ገበያ ከሁሉ ቀድመው የሚያልቁት 90 እና 100 ናቸው፤ 70 ግን ሙሽራ በሚበዛበት ወቅት በድንገት ይፈለግና ይጠፋል። ሰፊዎች ኦርጋንና ግሮዝ ቤከርት የሚሉትን የመርፌ ፋብሪካ ስሞች ጠርተው ይጠይቃሉ፤ ፓኮው የተለጠፈበትን ጫፍና የጽሑፉን ጥራት ሳያዩ በስሙ ብቻ አይግዙ። አንዱን መርፌ አውጥተው በመስተዋት ላይ ቢያንከባልሉት የተጣመመው ወዲያው ይለያል፤ ጫፉን በናይለን ካልሲ ላይ ቢጎትቱት የደነዘዘው ይጠልፋል።

ደረጃ 5፦ ቁልፍ

ቁልፍ በጅምላ የሚሸጠው በደርዘንና በግሮስ ነው፤ አንድ ግሮስ 12 ደርዘን ወይም 144 ፍሬ ነው። በካርቶኑ ላይ ከቁጥር አጠገብ «ኤል» የሚል ፊደል ያያሉ፤ ይህ የቁልፍ ስፋት መለኪያ ሲሆን 40 ኤል አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ በመነሳት 18 ኤል ወደ 11.4፣ 24 ኤል ወደ 15፣ 32 ኤል ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወንድ ሸሚዝ 18 ኤል፣ የኮት እጅጌ 24 ኤል፣ የኮት ፊት 32 ኤል ይወስዳል። እነዚህን ሦስት ልኮች በነጭ፣ በጥቁር፣ በቡናማ፣ በግራጫና በጥቁር ሰማያዊ ካሟሉ ከሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ይመልሳሉ።

ለሰፊው ትልቅ እገዛ የሚሆነው ቁልፉን በስብስብ ማዘጋጀት ነው። አንድ ሙሉ ልብስ ለፊቱ 2 ወይም 3 ትልልቅ፣ ለሁለቱ እጅጌዎች 8 ትንንሽ፣ ሰደርያ ካለው 5 ወይም 6 ተጨማሪ ትንንሽ፣ ለሱሪው ወገብና ለኋላ ኪስ 2 ወይም 3 ይፈልጋል። እነዚህን ከአንድ ካርቶን አውጥተው፣ ከየልኩ አንድ መጠባበቂያ ጨምረው በትንሽ ፌስታል ያሽጉ። ከተለያየ ካርቶን የወጡ ጥቁሮች አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ቡናማ ያደላሉና ቤት ገብቶ ከተሰፋ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው።

ሲገዙ ከእያንዳንዱ ካርቶን አሥር ፍሬ አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ። የሚወዛወዝ ቁልፍ ጠማማ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ሹል ከሆነ ክሩን በሦስት ወር ውስጥ ቆርጦ ይወድቃል። አንዱን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በጋለ ካውያ ይጫኑት፤ ከተጣመመ ወይም ከነጣ ለሸሚዝ አይሆንም፣ ሸሚዝ በየሳምንቱ ይተኮሳልና።

ደረጃ 6፦ ዚፕ፣ ላስቲክና የቀሩት

የዚፕ ቁጥር፣ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10፣ ጥርሶቹ ተዘግተው ሳሉ ያላቸውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያሳያል። 3 ለቀሚስና ለሱፍ ሱሪ፣ 5 ለጃኬት፣ 8 እና 10 ለሻንጣና ለድንኳን ይሆናል። የወንድ ሱሪ ዚፕ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃዋል። የሚንሸራተተውን ራሱን ለብቻ ሲሸጡ ቁጥሩም ዓይነቱም ከጥርሱ ጋር መመሳሰል አለበት፤ የናይለን 5 ራስ በብረት 5 ጥርስ ላይ አይሠራም። ጥገና የሚሠሩ ሰፊዎች ራሱን ብቻ ስለሚፈልጉ በትንሽ ሣጥን ለይተው ይያዙት።

ላስቲክ ሲገዙ አንድ ስንዝር ይዘው እጥፍ እስኪሆን ይሳቡትና ይልቀቁ፤ ወደ ልኩ ካልተመለሰ ያረጀ ነው። የኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ፣ የሱሪ መንጠቆ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ስፒል፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት ቦቢንና የመኪና ዘይት በጥቂቱ ይኑርዎት። ከነዚህ ብቻውን ሰፊን የሚያስመጣ የለም፤ ጠፍቶ ሲገኝ ግን ደንበኛው ክሩንም ከሌላ ሱቅ ይገዛል።

ደረጃ 7፦ ከመርካቶ ማምጣት

አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው ከአዲስ አበባ መርካቶ ሲሆን መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ዕቃ መመለስ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ራስዎ ይሂዱ፤ ናሙና ሳይመረምሩ በስልክ አይዘዙ። በኋላ በስልክ ሲያዙ እያንዳንዱን ቀለም በካርድ ላይ ለጥፈው ቁጥር ይስጡትና ተመሳሳዩን ካርድ ለሻጩ ይተዉለት፤ «ጥቁር ሰማያዊ» የሚለው ቃል በአንድ ሻጭና በሌላው ዘንድ ሁለት ዓይነት ቀለም ነው። ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ዕቃው ሲደርስም ካርቶኑን ከሾፌሩ ፊት ከፍተው ይቁጠሩ።

ደረጃ 8፦ ከእርጥበትና ከፀሐይ መጠበቅ

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን እርጥበት ያውቀዋል። በዚህ ወቅት መርፌ፣ ስፒል፣ መርፌ ቁልፍ፣ የብረት ዚፕና የሱሪ መንጠቆ ይዝጋሉ፤ የዛገ ስፒል በነጭ ጨርቅ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር የሚተወው ምልክት አይለቅም። የብረት ዕቃውን በሙሉ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያስገቡ፣ በውስጡም በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ከሰል ያኑሩና በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በፀሐይ ወይም በምድጃ ዳር ያድርቁት። ክፍት መርፌዎችን የመኪና ዘይት በነካካ ጨርቅ ጠርገው ይጠቅልሉ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ጥቂት ይራቅ፤ የጥጥ ክርና የኮሌታ ማጠንከሪያ ግድግዳ ከነኩ ይሻግታሉ።

በበጋ ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው። በመስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለ ከረባት በአንድ ጎኑ ይነጣል፣ ላስቲክም ይደርቃል። ለዕይታ የሚሰቅሉትን ዕቃ በየሁለት ሳምንቱ ይለውጡ፤ ላስቲክን ጭራሽ በመስኮት አያስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ የወንዶች ማሟያዎች

ሁለተኛው የሱቅዎ ክንፍ ከረባት፣ ቀበቶ፣ ካልሲ፣ መሐረብ፣ ቢራቢሮ ከረባትና የእጅጌ ማያያዣ ቁልፍ ነው። ይህ ከስፌት ዕቃው ጋር የሚሄደው አለምክንያት አይደለም፤ ሙሉ ልብስ ያሰፋ ሰው ልብሱን ሲለካ ከረባቱን ያስባል፣ ሰፊውም ወደሚያውቀው ሱቅ ይልከዋል።

ከረባት ሲገዙ ከቀጭኑ ጫፍ ይዘው ወደ ታች ይልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ጨርቁ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ከተጠማዘዘ አንገት ላይም ይጠማዘዛል። የተለመደው ርዝመት ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሠርግ ሲሆን ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ የሚሆነውን ሁሉ ከአንድ ጥቅል ያውጡ፤ ሚዜዎቹ ስድስት ከሆኑ ሰባት አንድ ዓይነት ከረባት ከሌለዎት አምስቱን ሸጠው ሁለቱን «ተመሳሳይ» አይበሉ። ፎቶግራፉ ላይ ልዩነቱ ይወጣል፣ ፎቶግራፉም በቤቱ ግድግዳ ላይ ለዘለቄታው ይኖራል።

ብዙ ወጣት ከረባት ማሰር ስለማያውቅ ሱቁ ውስጥ ትልቅ መስተዋት ያስቀምጡና ያስተምሩ። ቀላሉ አሠራር ይህ ነው፦ ከረባቱን በአንገት ዙሪያ አድርጎ ሰፊውን ጫፍ በቀኝ በኩል፣ ከጠባቡ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ረዘም አድርጎ ማውረድ፤ ሰፊውን በጠባቡ ላይ ወደ ግራ ማሻገር፤ ከጠባቡ ሥር አሳልፎ ወደ ቀኝ መመለስ፤ እንደገና ከፊት በኩል ወደ ግራ ማዞር፤ ከዚያም ከሥር ወደ አንገት ቀለበት አውጥቶ፣ በፊት በኩል በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ ወደ ታች ማስገባትና ጠባቡን ይዞ ቋጠሮውን ወደ ኮሌታው መግፋት። የሰፊው ጫፍ የቀበቶውን ማቀፊያ ሲነካ ልኩ ነው።

የቀበቶ ልክ የሚወሰደው ከማቀፊያው ሥር እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ነው፤ የደንበኛው የሱሪ ወገብ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ለሙሉ ልብስ ስፋቱ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቆዳ መሆኑን ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ እውነተኛ ቆዳ ከላይ እስከ ታች ቃጫማ ነው፣ የተለበጠው ግን እንደ ጨርቅና ፕላስቲክ ሆኖ በሁለት ይለያል። ሁለቱንም መሸጥ ነውር የለበትም፤ የተለበጠውን ቆዳ ነው ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው፣ በዋጋ መለያው ላይ ለይተው ይጻፉት። ካልሲ ከሱሪው ቀለም ጋር እንጂ ከጫማው ጋር አያዛምዱ፤ ለሙሉ ልብስ ተቀምጦ ባት የማይታይበት ረጅሙን ይስጡ።

ደረጃ 10፦ ዋጋ፣ ልኬትና ዱቤ

ትንሽ ዕቃ ላይ የሚከስረው ነጋዴ የሚጠፋውን ስለማይቆጥር ነው። ለስሌት ያህል አንድ ግሮስ ቁልፍ በ432 ብር ቢገዙ ፍሬው 3 ብር ነው። የማጓጓዣና የመጠቅለያ ድርሻው 36 ብር ቢሆን 468 ብር ይሆናል። ከ144ቱ 8 ቢሰበሩና ቢጠፉ 136 ይቀራሉ፤ እውነተኛው ዋጋ ስለዚህ 3 ብር ከ44 ሳንቲም ነው። በፍሬ 5 ብር ሲሸጡ የሚተርፍዎት አንድ ብር ከ56 ሳንቲም እንጂ 2 ብር አይደለም፤ ደርዘኑን በ50 ብር ለሰፊ ሲሰጡ ደግሞ ትርፉ ከ9 ብር ያነሰ ነው። ኪራይና ግብር ከዚህ ላይ ይወጣሉ። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ በደብተር ያድርጉ።

ላስቲክ፣ ጥለትና ሪባን ሲሸጡ በክንድ አይለኩ። የገጠር ደንበኛ በክንድ ሊጠይቅዎ ይችላል፣ የእርስዎና የእርሱ ክንድ ግን አይተካከልም። በባንኮኒው ጠርዝ ላይ የብረት ሜትር ይቸንክሩ፣ ደንበኛው እያየ ይለኩ፣ ላስቲክንም ሳይስቡ ይለኩ።

ለሰፊ ዱቤ ሳይሰጡ በዚህ ንግድ መቆየት አይቻልም፤ ሰፊው ገንዘቡን የሚያገኘው ልብሱ ሲወሰድ ነውና። ዱቤው ግን በሁለት ደብተር፣ አንዱ በእርስዎ አንዱ በእርሱ ዘንድ ይጻፍ፣ ጣሪያም ይኑረው፤ የፊተኛው ግማሹ ሳይከፈል አዲስ አይስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍለውን የዚያኑ ቀን በሁለቱም ደብተር ላይ ይሰርዙ። ሌላ ሦስተኛ ደብተርም ያስፈልጋል፤ በእርሱ ላይ ተጠይቆ የጠፋው ዕቃ፣ የጠያቂው ሥራና ቀኑ ይጻፋል። አንድ ዕቃ በወር ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ በሚቀጥለው ግዢ ይግባ።

ደረጃ 11፦ የዓመቱ ዑደት

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ነጭ 18 ኤል ቁልፍ፣ ላስቲክና የየትምህርት ቤቱ ቀለም ክር በሐምሌ መግባት አለበት። ከኅዳር ጀምሮ የአገር ልብስ ጠላፊዎች ለገናና ለጥምቀት ይሠራሉ፤ ጥለትና የጥልፍ ክር የሚያልቀው ታኅሣሥ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሚያዝያና ግንቦት ሠርግ ስለሚበዛ ከረባት፣ የኮት ቁልፍና 70 ቁጥር መርፌ ይዘጋጅ። በጾሙ ወራት ሠርግ ስለማይኖር የከረባት ግዢ ይቁም። የምረቃ ወቅት ሲመጣ ተመራቂዎች ነጠላ ከረባት፣ ቀበቶና ካልሲ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈልጋሉ። ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን ከሙስሊም ደንበኞችዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የጀለቢያ ሰፊዎች ነጭና ክሬም ክር ከወር በፊት ይገዛሉ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ቆጠራውን በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ያድርጉ። በዚያው ጊዜ ከስብስብ የተረፉትን ነጠላ ቁልፎች በልክና በቀለም ለይተው በጠርሙስ ያኑሩ፤ ቁልፍ የወደቀበት ሰው አንድ ፍሬ ፈልጎ ሲመጣ ከደርዘን ላይ ሳይፈቱ የሚያወጡት ከዚያ ጠርሙስ ነው።